የጎንደር አውቶቡስ በሱሉልታ ሲያልፍ

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል]

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ፣ በየገጠር ቀበሌውም ከብት እየጠበቃችሁ በስልካችሁ የምትሰሙን፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። «ሰሜን የት፣ እኛ የት!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ሩቅ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ የፓርኩ መግቢያ እስከሆነችው ደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ግን የሚያልፈው በእናንተ ደጅ ነው።

የሱሉልታ ሰው ይህን ያውቃል። ገና ሳይነጋ የጎንደሩ አውቶቡስ እንጦጦን ተሻግሮ ይወርዳል። መስኮቱ በተሳፋሪው ትንፋሽ ጉም ለብሷል፤ ውስጥ ያለው ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ እንቅልፉን ይጨርሳል። አስፋልቱ ዳር ወተት በጀሪካን ይዞ ወደ ከተማ የሚገባ መኪና የሚጠብቅ ገበሬ መብራቱ ሲያርፍበት ፊቱን ዞር ያደርጋል። አውቶቡሱ ግን አይቆምለትም። ጫንጮን፣ ፍቼን፣ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ዓባይ በረሃ ይገባል፤ ደጀን ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጨመር ደባርቅ።

ደባርቅ ስትወርዱ የሚገርማችሁ ነገር ብርዱ አዲስ አለመሆኑ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ። ሱሉልታ ላይ የለበሳችሁት ካፖርት ደባርቅ ላይ ይበቃል። ከደባርቅ ወዲያ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የፓርኩ መንገድ ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ጨነቅን እያለ ከ3,600 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ቧሂት 4,430 ሜትር ነው፤ ከሁሉም በላይ ያለው ራስ ደጀን 4,550 ሜትር።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልበል። ትክክለኛው ስም ራስ ደጀን ነው። «ዳሸን» የሚለው የውጭ ካርታ ሠሪዎች ጆሮ ያጣመመው ነው። ዛሬ ባንኩም ቢራውም ዳሸን ስለተባለ ወደ ኋላ መመለሱ የሚሳካ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ሲጠየቁ የአገሬውን ስም ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

አሁን ተራራው ከምን እንደተሠራ እንይ። ለዚህም ከእናንተ ደጅ አንርቅም። ሱሉልታ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያልፈውን የሲሚንቶ መኪና ታውቁታላችሁ፤ አቧራውንም ጭምር። ያ ሲሚንቶ የሚመጣው ከሙገር ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ነው። ሸለቆው አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ብታዩ ግድግዳው እንደ ድፎ ዳቦ ቁራጭ ንብርብሩን ያሳያል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ይህ አገር በባሕር ሥር በነበረበት ዘመን የተቀመጠ። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬቱ እየተሰነጠቀ ቀልጦ የወጣው ድንጋይ በዚያ ባሕር-አመጣሽ ንብርብር ላይ ፈሰሰ። አንዴ ፈስሶ አላቆመም፤ ይፈስሳል፣ ይረጋል፣ ደግሞ በላዩ ይፈስሳል። ደጋ የምንለው አገር ከሞላ ጎደል የዚያ ክምር ነው።

ሰሜን ላይ ክምሩ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ወፈረ። ጋሻ በጀርባው እንደተኛ ዓይነት ትልቅ የእሳተ ገሞራ ተራራ ተሠራ። ከዚያ በኋላ የሠራው ውሃ ነው። ዝናብና ወንዝ ለሚሊዮን ዓመታት ሰሜናዊውን ጎን እየበሉ ገደል አደረጉት። እመት ጎጎ የሚባለው አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ጫፍ ጀምሮ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ባዶ ያያል፤ ከታች የቆላው መንደር፣ በመካከል ደግሞ ሾጣጣ ድንጋዮች ከጉም ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ጅንባር የሚባለው ወንዝ ከዚሁ ገደል ሌላ ጠርዝ ላይ ራሱን ይወረውራል፤ በበጋ ውሃው መሬት ሳይደርስ እንደ ጢስ ይበተናል።

የሰበታ አድማጮቼ፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ጀርባችሁ ያለው ወጨጫም የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ በዕድሜ ግን ከሰሜን ጋር ሲወዳደር ልጅ ነው፣ የተወለደው ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። በጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ታሪኩ ረጅም ነው። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ማለት ነው፣ የጥድ ዘር ከሸዋ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ሲባል ይኖራል። አጼ ምኒልክም የመንግሥት ደን ብለው አስጠብቀውታል። አገሩ በሙሉ ሲመነጠር ይህ ደን የተረፈው በዚህ ጥበቃ ነው።

እኔ ወጨጫን የወጣሁት ስለ ሰሜን ለማስረዳት አስቤ አልነበረም፤ እሑድ ለመናፈስ ነበር። ከታች ጥድ ነው፣ በኦሮምኛ ገትራ የሚባለው፤ ግንዱ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው አለ። በመካከሉ ወይራ፣ ማለትም ኤጀርሳ፣ እንዲሁም ዝግባ። ዝግባ በኦሮምኛ ብርብርሳ ነው፤ ዛሬ ፒያሳ የምንለው የአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ስሙ ብርብርሳ ነበር። ትንሽ ከፍ ሲሉ ኮሶ ይመጣል፣ ሄጦ፤ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ወረቀት እየተላጠ ይንጠለጠላል። ደግሞ ከፍ ሲሉ ዛፉ አጥሮ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ፣ ከዚያም አስታ። አስታን እጄን አስገብቼ ነካሁት፤ ቅጠሉ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፣ ጤዛው ግን እጅጌዬን እስከ ክርኔ አራሰው። ጉሙ ከዚያ ቅጠል ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ጥቂት ወጣሁ፤ ጫፉ ላይ ነኝ፤ 3,400 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አለቀ። የሚወጣ ተራራ የለም።

ሰሜን የሚጀምረው ወጨጫ ያለቀበት ላይ ነው። ያው አስታ ሳንቃበር አካባቢ ዛፍ ሆኖ፣ የዛፍ ሽበት እንደ ጢም አንጠልጥሎ ይቀበላችኋል። ከዚያ በላይ አንድ ሺህ ሜትር ሌላ ደረጃ አለ፣ ሰበታም ሱሉልታም ቡራዩም የሌላቸው። የድሮ ሰዎች አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ሲከፍሉ ከደጋ በላይ ላለው ውርጭ የሚል ስም ሰጥተውታል። ስሙ በትክክል የተሰጠ ነው። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ ሌሊት ውሃ ይረጋል። ሱሉልታ ላይ ጥቅምትና ኅዳር አንዳንድ ሌሊት ባቄላችሁን የሚመታው ውርጭ እዚያ የዘወትር እንግዳ ነው።

በዚህ ቦታ የሚኖር ተክል ብልሃት ያስፈልገዋል። ጓሳ ሣሩ ተጠጋግቶ፣ ግንባር ለግንባር ገጥሞ፣ የደረቀውን የአምናውን ቅጠል ሳይጥል ለአዲሱ ልብስ ያደርጋል። ጅብራ ደግሞ ሌላ ነው። ከሩቅ ሲታይ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ይመስላል፤ ጉም ውስጥ ከሆነ ያስደነግጣል። ለብዙ ዓመት ቅጠሉን እንደ ጎመን እያነባበረ፣ ግንዱን እያሳደገ ይቆያል። አንድ ዓመት ላይ ከመካከሉ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ዓምድ ይሰድዳል። ወፎች ይመጣሉ፣ ዘሩ ይበተናል፣ ጅብራው ይሞታል። በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው የሚያብበው። ግንዱ ደርቆ፣ ግራጫ ሆኖ፣ ለጊዜው እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ ከልጆቹ መካከል።

[አጭር የዋሽንት ሙዚቃ]

ሰዎችስ? እዚያ ከፍታ ላይ ገብስ የሚያርስ፣ በግ የሚያረባ ሕዝብ አለ። የሱሉልታ ልጆች ስለ ከፍታና ስለ ትንፋሽ እንኳን ሊነገራችሁ ለሌላውም ትነግራላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳችሁን የሚያካልሉት ሯጮች የመጡት ለዚሁ ቀጭን አየር ነው። ቀጭን አየር ሲባል በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያነሰ ማለት ነው። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ ደሙን ያበዛል።

ሰሜን ላይ ግን ሳይንቲስቶችን ያስደነቀ ነገር ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት አለ። 3,530 ሜትር ላይ ባለው አምባራስ የተወለዱና የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። ከዚያ በፊት የታወቁት ሁለት ዓይነት ተራራ ነዋሪዎች ነበሩ። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ሰዎች ደማቸው ወፍራም ነው፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ነገር በዝቶባቸው። የቲቤት ሰዎች ደማቸው አይወፍርም፤ ግን በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከእኛ ያነሰ ነው፣ በዚያው ተላምደው ይኖራሉ። አምባራሶች ከሁለቱም አልሆኑም። ደማቸው አልወፈረም፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፣ ከባሕር ዳርቻ ሰው ጋር የሚቀራረብ። ተመራማሪዎቹ የኢትዮጵያ ዓይነት መላመድ ብለው ለብቻው ሦስተኛ አድርገው መዘገቡት። እኔን የሚገርመኝ ይህ ሁሉ የተነበበው በግ ሲጠብቁና ገብስ ሲያጭዱ ከዋሉ ሰዎች ደም መሆኑ ነው።

ወደ እንስሳቱ ልምጣ። ጭላዳን ለማየት የግድ ደባርቅ መሄድ የለባችሁም፤ ከጫንጮ ወደ ደርባ ታጥፋችሁ የሙገር ገደል አፋፍ ላይ ብትደርሱ ታገኙታላችሁ። ጭላዳ ሣር ግጦ የሚኖር ብቸኛው የዝንጀሮ ወገን ነው። ቀኑን በቂጡ ተቀምጦ፣ ሳይነሳ እየተንፏቀቀ፣ በሁለት ጣቱ ሣሩን እየለቀመ ይበላል፤ እጁ ላይ ያለው ፍጥነት ጎመን ቀንጣሽ ያስቀናል። ሌሎች ዝንጀሮዎች ምልክታቸው መቀመጫቸው ላይ ነው፤ ጭላዳ ሁልጊዜ ስለሚቀመጥ ቀዩ ምልክቱ ደረቱ ላይ ወጣ። ሲመሽ እናት ልጇን አዝላ ገደሉን ትወርዳለች፣ ነብርና ጅብ የማይደርስበት የድንጋይ ጠርዝ ላይ ያድራሉ። የዘመዶቹ አጥንት ከአፋር እስከ ደቡብ አፍሪካ ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ በሕይወት የቀረው ግን እሱ ብቻ ነው፣ ያውም በእኛ ደጋ ብቻ። የደርባ ገበሬ ገብሱን ሲነጭበት ይህን ሁሉ ክብር እንደማያስታውስለት አልጠራጠርም።

ዋልያ ግን ከሰሜን በቀር የትም የለም። ስሙን ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል፣ ብሔራዊ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» ነውና። የፍየል ዘመድ ነው፤ የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ቆልመም ብሎ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሰው በገመድ የማይወርደውን ገደል በሰኮናው ይመላለስበታል። ገደል ወዳጁ የሆነውም ሜዳውን ሰውና ከብት ስለያዘበት ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀሩት 150 ገደማ ናቸው ተብሎ ነበር። ፓርክ ሆኖ ሲጠበቅ ቁጥሩ እያደገ ከ800 በላይ ደረሰ። ከሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወዲህ ደግሞ በብዙ ቀንሷል። ቀይ ቀበሮም እዚያው አለ፣ ከመቶ የማይበልጥ፤ አይጥ አዳኝ ነው፣ ከቤት ውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ያልቃል። ስለዚህ የደባርቅን ውሻ መከተብ ቀበሮውን መጠበቅ ነው።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ ሕጋዊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት መጀመሪያ የገቡት 12 ቦታዎች ብቻ ነበሩ፤ ከ12ቱ ሁለቱ የእኛ ናቸው፣ ላሊበላና ሰሜን። በተፈጥሮ ከተመዘገቡት አራት መካከል የአሜሪካው የሎውስቶንና የኢኳዶሩ ጋላፓጎስ ይገኛሉ። እንዲህ ካሉ ጓዶች ጋር ነው የተቀመጥነው። በ1989 ዓ.ም. ግን አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ እዚያም 20 ዓመት ቆየ። ምክንያቱ የዋልያው ማነስ፣ በፓርኩ መካከል የተቆረጠ መንገድ፣ ከሁሉም በላይ ግጦሹና እርሻው ነበር።

ከዝርዝሩ በ2009 ዓ.ም. የወጣው እንዲሁ አይደለም። ወሰኑ ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በፓርኩ እምብርት የነበረው የግጭ መንደር ተነስቶ ከ2,500 የሚበልጡ ሰዎች ወደ ደባርቅ ወረዱ። ሣሩ ተመለሰ፤ ይህ በዓይን የሚታይ ነው። ነገር ግን ገብስ ከማረስ በቀር ሌላ ሙያ ያልነበረው አባወራ የካሳ ገንዘቡን ይዞ ከተማ ገባ። ከተማ ውስጥ ገንዘብ እንዴት እንደሚያልቅ ለእናንተ አልነግራችሁም። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ ማሳው ፋብሪካና ኮንዶሚኒየም ሲሆን ያየ ሰው፣ ዛሬ ሸገር ከተማ በተባለው ውስጥ የሚኖር ሰው፣ የግጭን ሰው ነገር ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። አንዳንድ የጥበቃ ባለሙያ ስለ ሰሜን ሲያወራ «ሰው ያልነካው ምድር» ይላል። እኔ ይህን አነጋገር አልወደውም። ሰሜን ሰው የነካው፣ ያረሰው፣ የሰየመው ምድር ነው፤ እመት ጎጎ የሚለውን ስም ዋልያ አላወጣውም።

በ2011 ዓ.ም. ተራራው ሲቃጠልም አስቀድሞ ወደ እሳቱ የሮጠው ያው አርሶ አደር ነው፤ ቅጠልና አፈር ይዞ። ከውጭ ሄሊኮፕተርና የእሳት አደጋ ባለሙያዎች የመጡት በኋላ ነው።

ሰዓታችን እየሄደ ነው፤ ስለ ውሃው ተናግሬ ልሰናበት። ክረምት እንጦጦ ላይ ዝናብ ሲጥል አንዱ ደመና ሁለት መንገድ ይይዛል። በቡራዩ በኩል የወረደው፣ አዲስ አበባ ከገፈርሳ ግድብ ቀድታ የምትጠጣው ሲቀር፣ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ የሰበታም አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያውቅም፤ አፋር ምድር ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ወደ ሱሉልታ የወረደው ግን ሜዳውን አጥለቅልቆ፣ ሙገርን ይዞ፣ ዓባይ ይገባል፤ በሕዳሴው ግድብ አልፎ ካርቱም ይደርሳል። የሰሜን ተራሮች ዝናብና በረዶ ደግሞ በመሸሃ ወንዝ ወርዶ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜ ሱዳን ገብቶ አትባራ ከሚባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ከካርቱም በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ በወንዙ ስም የምትጠራ አትባራ የምትባል የባቡር ከተማ አለች። ናይልና አትባራ የሚገናኙት እዚያች ከተማ አጠገብ ነው። ከሱሉልታ ሜዳ የሄደው ውሃና ከራስ ደጀን የወረደው፣ ሁለቱም ቀይ አፈራቸውን እንደተሸከሙ፣ በረሃ መካከል አንድ ይሆናሉ።

የቡራዩና የሰበታ ሰዎች፣ በዚህ ሠርግ የላችሁበትም፤ ለእናንተ ስለ አዋሽ የምናወራበት ሌላ ቀን ይኖረናል። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]